ስሙን የሚጠራው ሰው ይምረጠው



«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል ያገራችን ሰው። የአምፖልን ስም ግን የሚያወጣው ፋብሪካው ነው። በድምፅ የሚታዘዝ አምፖል ገዝታችሁ፣ አጥብቃችሁ፣ ስልካችሁ ላይ ስትከፍቱት «ሂው ከለር ላምፕ 1» የሚል ስም ይዞ ይጠብቃችኋል። ሁለተኛውን ስትጨምሩ «ሂው ከለር ላምፕ 2» ይመጣል። ከዚያ በኋላ ያለው የታወቀ ነው። የቤቱ ወጣት ስልኩን ይቀበልና የመጣለትን ስም ጽፎበት ይሄዳል። ማታ እናት ሶፋው ላይ ቁጭ ብለው ድምፅ የሚሰማውን ስፒከር ያዝዙታል፤ አልገባኝም ይላል። ይደግሙለታል፤ የሌላ ክፍል መብራት ያበራል። ከዚያ በላይ አይሞክሩም፤ ተነሥተው ግድግዳው ላይ ያለውን ማብሪያ ይጫኑታል። ልጁም ከክፍሉ ሆኖ «እማዬ፣ እንግሊዝኛሽ እኮ አይገባውም» ይላል።

ዛሬ የመጣሁት ይህን ፍርድ ለመቃወም ነው። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የእናትየው አንደበት ሳይሆን ለዕቃው የተሰጠው ስም ነው። ስም በአንድ ደቂቃ ይቀየራል። ዕድሜ ልክ የተሠራበት አንደበት ግን በቀላሉ አይቀየርም፤ ለአንድ አምፖል ሲባል መቀየርም የለበትም። ስለዚህ በድምፅ ለሚታዘዝ ዕቃ ስም ስናወጣ መመዘኛችን የስልኩ ባለቤት ምርጫ መሆኑ ቀርቶ የሚጠራው ሰው አፍ መሆን አለበት። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይህ ነው።

በመጀመሪያ ያለንበትን ሁኔታ እንመልከት። አፕል ሲሪን በስልክ ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። አማዞን አሌክሳን ከኤኮ ስፒከር ጋር በ2014 አወጣ፤ ጉግል ሆም በ2016 ተከተለ። በ2017 ጉግል በድምፅ መጻፍ ከሚቻልባቸው ቋንቋዎች ተርታ አማርኛን ስላስገባ፣ ዛሬ ስልካችን ላይ በአማርኛ እየተናገርን መልእክት መጻፍ እንችላለን። አሌክሳና ሲሪ ግን አማርኛ አይሰሙም። በዚህ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ቤታችን ውስጥ በአማርኛ እንጣላለን፣ በአማርኛ እንታረቃለን፤ መብራት ለማብራት ግን እንግሊዝኛ እንናገራለን። የስም ጉዳይ ከሌላው ሰው ይልቅ እኛን የሚመለከተን ለዚህ ነው።

አሁን ከአፋችን እስከ አምፖሉ ያለውን መንገድ እንከተል። «አሌክሳ፣ ተርን ኦን ኪችን ላይት» አልን እንበል። ስፒከሩ እስኪጠራ ድረስ የሚጠብቀው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ የራሱን መጠሪያ። ያንን ሲሰማ ይነቃና የቀረውን ድምፃችንን በኢንተርኔት ወደ ኩባንያው ኮምፒውተሮች ይልካል። እነሱም ድምፁን ወደ ጽሑፍ ይለውጡታል። ቀጥሎ ጽሑፉ ይበለታል፦ የትኛው ቃል ትእዛዝ ነው፣ የትኛው የዕቃ ስም ነው? በመጨረሻም ያ ስም እናንተ ካስመዘገባችሁት ዝርዝር ጋር ይመሳከራል። ከተገኘ አምፖሉ ይበራል፤ ካልተገኘ «እንዲህ የሚባል ዕቃ የለም» ትባላላችሁ፤ ሁለት ከተገኘ ደግሞ ወይ ትጠየቃላችሁ፣ ወይ የማትፈልጉት ይበራል።

ከዚህ ጉዞ ውስጥ ሁለቱን ልብ በሉልኝ። የመጀመሪያው፣ ድምፅ ወደ ጽሑፍ የሚለወጠው በግምት መሆኑ ነው። ማሽኑ የሰማውን ድምፅ ከብዙ ሊሆኑ ከሚችሉ ቃላት ጋር ያመዛዝንና ይበልጥ የተለመደውን ይመርጣል። ስለዚህ ስሙ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ዘወትር ከሚጠቀምባቸው ቃላት አንዱ ከሆነ ወደ እናንተ ያደላል፤ ሰምቶት የማያውቀው ቃል ከሆነ ግን ወደሚያውቀው ይጎትተዋል። ሁለተኛው፣ ማመሳከሩ በጽሑፍ መሆኑ ነው። ልጃችሁ ለማሳመር ብሎ «ላይት» የሚለውን በአቋራጭ ፊደል ከጻፈው፣ ማሽኑ ደግሞ የሰማውን በመዝገበ ቃላቱ ፊደል ስለሚጽፈው፣ ሁለቱ ላይገናኙ ይችላሉ። በራሳችን ፊደል «ሳሎን» ብለን ብንጽፈውም፣ እንግሊዝኛ የሚሰማው ማሽን የሚጽፈው በላቲን ነውና አይገጥምም።

በጫጫታ መሐል ቃል እንዳይምታታ የመምረጥ ጥበብ ከአሌክሳ ጋር የመጣ አይደለም። የአየር ጉዞ ዓለም አቀፍ ሲሆን አብራሪዎችና የመቆጣጠሪያ ማማ ሠራተኞች በሚንጫጫ ሬዲዮ ፊደል እየጠሩ መነጋገር ነበረባቸው። የሲቪል አቪዬሽኑ ዓለም አቀፍ ድርጅት፣ አይካኦ፣ በሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ሊቅ የነበሩት ዣን ፖል ቪኔ በተሳተፉበት ጥናት ለእያንዳንዱ የላቲን ፊደል አንድ ቃል አስመረጠ። ዝርዝሩ በ1951 ሥራ ላይ ሲውል ግን ቅሬታ መጣ። «ኔክታር» የሚለው ከ«ቪክተር» ጋር፣ «ኤክስትራ» የሚለው ከ«ዴልታ» ጋር ይምታታ ነበር። ምክንያቱን ለማወቅ ቃላቱን ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው፤ ሬዲዮው መነሻቸውን ከዋጠው የሚቀረው መድረሻ ተቀራራቢ ነው። ቃላቱ ከ31 አገሮች በመጡ ሰዎች አንደበት ተፈተኑ። ኔክታር ወጥቶ «ኖቬምበር»፣ ኤክስትራ ወጥቶ «ኤክስሬይ» ገባ፤ እስከ ዛሬ የሚሠራበት ዝርዝር በማርች 1956 ጸና። በኢትዮጵያ የተመዘገበ አውሮፕላን መለያ ፊደሎቹ በሬዲዮ ሲነገሩ የሚጀምሩት በዚሁ ዝርዝር «ኤኮ ታንጎ» ተብለው ነው።

ከዚያ ሥራ የምንማረው ቀላል ነው። ጥሩ ስም ማለት ብቻውን ሲሰማ የሚያምር ስም ማለት አይደለም፤ ከጎረቤቶቹ የሚለይ ስም ነው። ልዩነቱም በአንዲት ፊደል ላይ መንጠልጠል የለበትም፤ መነሻውም መድረሻውም ርዝመቱም ቢለያይ ይመረጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ የፈተኑት እንግሊዞች ብቻ አልነበሩም። ቃሉ በፈረንሳዩም በስፔኑም አፍ ማለፍ ነበረበት። «አልፋ» የሚለው በተለመደው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ሳይሆን በኤፍ እንዲጻፍ የተደረገው፣ እንግሊዝኛ የማያውቅ ሰው አሳስቶ እንዳያነበው ነው።

እንግዲህ ወደ እኛ አንደበት እንምጣ። አማርኛ ተናጋሪ እንግሊዝኛ ሲናገር የት የት እንደሚጠልፈው ሁላችንም እናውቃለን፤ ማፈሪያ ሳይሆን መረጃ ነው። ምላስ በጥርስ መሐል ወጥቶ የሚነገረው የእንግሊዝኛ ድምፅ የለንም፤ «ባዝሩም» ወይም «ባስሩም» እንላለን። ይህን ከ«ቤድሩም» አጠገብ አስቀምጡት፤ በአንድ ቤት ውስጥ ከሚጠሩት ክፍሎች ሁለቱ፣ መነሻቸውም መድረሻቸውም አንድ ሆኖ መሐላቸው ብቻ ተለያየ። «ሊቪንግ ሩም» ስንል አጭሩንና ረጅሙን አናባቢ ስለማንለይ፣ ማሽኑ «ልሄድ ነው» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ሊሰማ ይችላል። ከቤት ስንወጣ ሁሉን የሚያጠፋ ትእዛዝ በዚያው ቃል ካስመዘገብን ደግሞ ችግሩ ይብሳል። ቃል በ«ስ» ጀምሮ ሌላ ተናባቢ ሲከተለው ከፊቱ «እ» እንጨምራለን፤ እስፖርት፣ እስክሪብቶ እንደምንለው ሁሉ «እስትሪፕ»፣ «እስፖትላይት» እንላለን። ታላላቆቻችን ደግሞ «ቭ»ን ወደ «ብ» ያዞሩታል፤ «ቲቪ» በእነሱ አፍ «ቲቢ» ይሆናል። ማሽኑም የሳንባ በሽታ እንዲያበራ የታዘዘ መስሎት ግራ ይጋባል።

የስማችንም ነገር አለ። ልጆች ክፍላቸው በስማቸው እንዲጠራ ይወዳሉ። ሳራ፣ ሄለን፣ ዳንኤል፣ ማርታ ቢባሉ እንግሊዝኛውም ስለሚያውቃቸው ችግር የለም። ጽጌ፣ ጫላ፣ ጥላሁን ከሆኑ ግን ጸ፣ ጨ፣ ጠ የሌሉት ማሽን ዛሬ አንድ ነገር፣ ነገ ሌላ ነገር ይጽፋል። በዚህ ማንም አይከፋ፤ ለጽጌ ክፍል የምትወደውን የቀለም ስም መስጠት ይቻላል። ደግሞም የማንቂያው ቃል አለ። በየቤታችን አሌክስ የሚባል አለማየሁ ወይም ዓለምሰገድ አይጠፋም። እሱ በተጠራ ቁጥር አሌክሳ አቤት እንዳትል፣ የማንቂያ ቃሉን ወደ «ኤኮ» ወይም ወደ «ኮምፒውተር» መቀየር ነው፤ ሁለቱም በአሌክሳ አፕ ውስጥ የተፈቀዱ ናቸው።

አሁን አንድ ቤት ገብተን ከክፍል ክፍል እንዘዋወር። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ነው እንበል፤ ባልና ሚስት፣ አንዲት ልጅና ከአዲስ አበባ የመጡ አያት ይኖሩበታል።

ከሳሎን እንጀምር። መብራቱ «ሊቪንግ ሩም ላይት» ተብሏል። ይህን እናጥፋውና «ሳሎን» እንበለው፤ በላቲን ፊደል፣ በእንግሊዝኛው አጻጻፍ። ቃሉ በእንግሊዝኛም ስላለ ማሽኑ ያውቀዋል፣ እኛም ቀኑን ሙሉ የምንለው ነው፤ አያትም እንደ ልማዳቸው ይጠሩታል። ቴሌቪዥኑን «ሲኒማ» እንበለው፤ «ቭ»ም የለበትም፣ ሁለቱም ቋንቋ ያውቀዋል። እንደነዚህ ያሉ የሁለት ቤት ቃላት ጥቂት አይደሉም፦ ሶፋ፣ ባልኮኒ፣ ሻወር፣ ጋራዥ። ስም ስትፈልጉ መጀመሪያ እነሱ ጋ ሂዱ። ነገር ግን «በረንዳ» የሚለውን ተጠንቀቁ፤ እንግሊዝኛው በ«ቭ» ስለሚጀምር «ባልኮኒ» ይሻላል።

የመታጠቢያውን መብራት «ሻወር» ብንለው፣ «ቤድሩም» ሳይነካ ሊቀር ይችላል። ከሚምታቱ ሁለት ስሞች አንዱን ማራቅ ይበቃል፤ ሁሉን መለወጥ የለብንም። ባልየው ከቤት የሚሠራባትን ጥግ «ኦፊስ» ብሏታል። ይህ ስም በራሱ ውስጥ «ኦፍ» የሚል ድምፅ ይዟል፤ አብራ ሲባል አጥፋ የተባለ ሊመስል ይችላልና «ዴስክ» ቢባል ይሻላል። ሁለቱ የምግብ ጠረጴዛ አምፖሎች «ላይት 2» እና «ላይት 4» ተብለዋል። በእንግሊዝኛ የሁለትና የአራት ድምፅ ዘወትር በዓረፍተ ነገር ውስጥ ከሚገቡ መስተዋድዶች ጋር አንድ ስለሆነ፣ ማሽኑ ቁጥሩን ትቶ መስተዋድዱን ሊጽፍ ይችላል። ደግሞስ ከሁለቱ አንዱን ለብቻው የምናበራው መቼ ነው? በአንድ ግሩፕ አድርጋችሁ «ቴብል» በሏቸው፤ አምፖሎቹ በስልኩ ውስጥ የፈለጉትን ይባሉ፣ አፋችን የሚጠራው ግን አንዱን ስም ብቻ ነው።

ግሩፕ ካነሣሁ አይቀር፣ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት እዚህ ነው። ክፍሉ «ቤድሩም»፣ በውስጡ ያለው አንዱ አምፖል ደግሞ «ቤድሩም ላይት» ይባላል። «ቤድሩም ላይት አብሪ» ሲባል ያንን አምፖል ነው ወይስ የቤድሩምን መብራቶች በሙሉ? ሁለቱም ትክክል ነው፤ ማሽኑም አንዱን ይመርጣል፣ ሁልጊዜም እኛ ያሰብነውን አይደለም። በአንድ ክፍል ሁለት አልማዝ ሲኖሩ አስተማሪ በአባት ስም እንደሚለያቸው፣ እዚህም አምፖሉን በክፍሉ ስም መጥራት ትታችሁ በቅርፁ ወይም በቦታው ጥሩት፦ ጣሪያው ላይ ያለው «ሲሊንግ»፣ ራስጌ ያለው «ላምፕ»።

ወደ አያት ክፍል እንግባ። እዚህ ከሁሉ የሚሻለው ስም የማይጠራው ስም ነው። በአፑ ውስጥ የእሳቸው ክፍል ስፒከርና አምፖል በአንድ ክፍል ከተመዘገቡ፣ «ላይት» የሚለውን ብቻ ከማብራት ወይም ከማጥፋት ትእዛዝ ጋር ማለት ይበቃል፤ ስፒከሩ ያለበትን ያውቃልና የዚያኑ ክፍል መብራት ያበራል። ለማሞቂያውም እንዲሁ ነው፤ ቤቱ አንድ ቴርሞስታት ብቻ ካለው ስሙን ሳይጠሩ የሚፈልጉትን ሙቀት መናገር ይቻላል።

እሺ፣ አያት «መብራት» ማለት ብቻ ቢፈልጉስ? ለዚህም ዘዴ አለ። አሌክሳ «ሩቲን» የሚባል አላት፤ እናንተ የጻፋችሁትን ሐረግ ስትሰማ ያዘዛችኋትን ትፈጽማለች። አያት በስፒከሩ አጠገብ ቆመው «አሌክሳ፣ መብራት» ይበሉ። ከዚያ በአፑ ውስጥ የድምፅ ታሪክ የሚባለውን ከፍታችሁ ማሽኑ ምን ብሎ እንደጻፈው እዩ። ምናልባት «ማይ ብራት» ብሎት ይሆናል። ትርጉሙ ግድ አይሰጠንም፤ ደጋግሞ እንዲያው ከጻፈው፣ ያንኑ እንዳለ የሩቲኑ ሐረግ አድርጋችሁ መዝግቡት። ሌላ ጊዜ በሌላ መልክ ከጻፈውም እሱን ጨምሩበት። ማሽኑ አማርኛ አልተማረም፤ እኛ ግን የእሳቸውን ድምፅ በራሱ ፊደል ጽፈን ሰጠነው። ብዙ የተለያየ አጻጻፍ ካወጣ ግን ቃሉ ለዚህ አይሆንምና ሌላ ሞክሩ።

ይኸው የድምፅ ታሪክ ለሁሉም ስም መፈተሻ ነው። ትእዛዝ ሲከሽፍ አትገምቱ፤ የተጻፈውን አንብቡ። ከ2019 ጀምሮ አሌክሳን የሰማችውን እንድትነግራችሁ በቃል መጠየቅም ይቻላል። የተጻፈው ትክክል ሆኖ መብራቱ ካልበራ ችግሩ የዝርዝሩ ነው፤ ምናልባት በአምፖሉ አምራች አፕና በአሌክሳ አፕ ውስጥ ስሙ ተለያይቶ ይሆናል፣ ወይም የተጣለ አሮጌ ዕቃ ያንኑ ስም ይዞ አሁንም ተመዝግቦ ይሆናል። የተጻፈው ስህተት ከሆነ ግን ስሙን ቀይሩ፤ ሰውየውን ተዉት። አዲስ ስም ስታወጡም ጸጥ ባለ ሰዓት ብቻ አትፈትኑት። ቴሌቪዥን ተከፍቶ፣ ቡና ተፈልቶ፣ እንግዳ ሞልቶ፣ ከክፍሉ ዳር ሆናችሁ፣ የቤቱ ሰው ሁሉ በየተራ ይጥራው። የአብራሪዎቹም ቃላት የተመረጡት ለጫጫታ ነው።

በድምፅ መታዘዝ የሌለባቸውም አሉ። የበር ቁልፍን በቃል ለመክፈት አሌክሳ የሚስጥር ቁጥር የምትጠይቀው በምክንያት ነው፤ ያንን ቁጥር ሁሉም ሰው በሚሰማበት አትጥሩት። የሚያሞቅ ዕቃን ደግሞ፣ በተለይ የእንጀራ ምጣድን፣ በስማርት ሶኬት ላይ ሰክታችሁ በስም አትጥሩ። እዚህ አሜሪካ የተለመደው የግድግዳ ሶኬት መስመር 120 ቮልትና 15 አምፒር ነው፤ ከ1800 ዋት በላይ አይሸከምም፤ ርካሽ ስማርት ሶኬቶች ከዚያም ያነሰ ሊሸከሙ ይችላሉ። ሸክሙ ቢቻል እንኳ፣ ማሽኑ ሌላ ስም የሰማ መስሎት ሰው በሌለበት ምጣድ የሚያበራበትን ዕድል ለምን እንሰጠዋለን? አምፖል በስህተት ቢበራ ያስቃል፤ ምጣድ በስህተት ቢበራ ግን ቤት ያቃጥላል።

አንዳንዶቻችሁ «ማሽኑ በየዓመቱ እየበሰለ አይደለም ወይ? ትንሽ ብንጠብቅስ?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ አማዞን በ2025 ይፋ ያደረገው አሌክሳ ፕላስ ልቅ አነጋገርን ይበልጥ እንዲረዳ ተደርጎ የተሠራ ነው። ይሁን እንጂ በአንድ ቤት ሁለት ዕቃ አንድ ስም ከያዘ የትኛውን እንደፈለጋችሁ የሚያውቅ ብልህነት የለም፤ ሰውም ቢሆን ይጠይቃል። የስም ሥርዓት የማሽኑ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ልጁ አንድ ስም፣ እናቱ ሌላ ስም የሚጠሩበት ቤት ውስጥ ማሽን ከመግባቱ በፊትም አለመግባባት ነበር።

ነገሩ በአሜሪካ ላለነው ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ሲሪ ዕብራይስጥ የምትሰማ በመሆኗ በእስራኤል ያሉ ወገኖቻችን፣ አሌክሳም ከ2021 ጀምሮ በኤምሬትስና በሳዑዲ አረብኛ ስለምትሰማ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩ እህቶቻችን ሊገጥማቸው የሚችል ነው። እዚያ ደግሞ ስሙን የሚያወጣው የቤቱ ባለቤት ሊሆን ይችላል፤ ቀኑን ሙሉ የምትጠራው ግን ሠራተኛዋ ናት። መመሪያው አይለወጥም፦ የሚጠራው አፍ ይቅደም።

ወጣቶች፣ የመጨረሻ ቃሌ ለእናንተ ነው። በየቤቱ ስልኩን የምትይዙት፣ ስሙን የምትጽፉት እናንተ ናችሁ። በሚቀጥለው ጊዜ አዲስ አምፖል ወይም ሶኬት ስትመዘግቡ፣ በቤቱ ውስጥ እንግሊዝኛ ከሁሉ የሚከብዳቸውን ሰው ጥሩና አጠገባችሁ አስቀምጡ። «ይህን ምን ብለው ቢጠሩት ይቀልዎታል?» ብላችሁ ጠይቁ። ያሉትን ጻፉ፣ ማሽኑ የሰማውን እዩ፣ ካልሆነ ሌላ ስም አብራችሁ ፈልጉ። እሳቸው ጠርተውት የበራ መብራት ለቤቱ ሰው ሁሉ ይበራል፤ ለእናንተ ብቻ የሚበራ መብራት ግን ገና በትክክል ስም አልወጣለትም።